ውሃ እያሳሳቀ ሲወስድ፦ ስለ አንዲት የእግር ገመድ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉ አበው ወንዝ ላይ ሰሌዳ ዘርግቶ፣ ሰሌዳው ላይ ቆሞ፣ ማዕበል የሚጋልብ ትውልድ ይመጣል ብለው አስበው አልነበረም፡፡ አባባሉ ግን ለዚህ ጨዋታ በልክ የተሰፋ ይመስላል፡፡ ማዕበሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃችኋል፡፡ አይመጣም፣ አይሄድም፡፡ ዳር ሆናችሁ ስታዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ውሃው ወገብ እንኳን አይደርስም፡፡ ድልድይ ላይ የቆመው ተመልካች ያጨበጭባል፤ ከታች ሰሌዳዋ ላይ የቆመችው ልጅ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትስቃለች፡፡ ሁሉም ይስቃል፡፡

ይህንን የምንጽፈው ጨዋታውን ለማውገዝ አይደለም፡፡ ከመካከላችን የሚወዱት አሉ፡፡ የሚፈሩትም አሉ፤ እነርሱ ከዳር ሆነው ፎቶ ያነሳሉ፡፡ ሁላችንም የተስማማንበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ቀድመን ብንናገረው ይሻላል፡፡ ሰሌዳን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያያይዘው ገመድ (ተጫዋቾቹ «ሊሽ» ይሉታል) በሚፈስ ውሃ ላይ ቦታ የለውም፡፡ ሐይቅ ላይ ይሁን፤ ባህር ላይ ይሁን፤ ወንዝ ላይ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ አይታሰር፡፡ ይህ የጣዕም ወይም የምርጫ ጉዳይ አይደለም ባዮች ነን፡፡ ሰሌዳ የሚሸጡም፣ የሚያከራዩም፣ ወንዝ የሚያስተዳድሩም አካላት ነገሩን በዚሁ ልክ ሊይዙት ይገባል፡፡

ለማያውቁት ባጭሩ እናስረዳ፡፡ ስታንድ አፕ ፓድል ቦርድ፣ በአጭሩ «ሳፕ»፣ ሰው ቆሞበት በረጅም መቅዘፊያ የሚቀዝፈው ሰፊ ሰሌዳ ነው፡፡ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚመላለሱትን ያየ ሰው፣ ውሃ ላይ ሚዛን መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፡፡ ሐይቅ ላይ ሲሆን ሽርሽር ነው፡፡ ባህር ላይ ማዕበል ይጋለብበታል፡፡ ወንዝ ላይ ሲወጣ ደግሞ የሚፈለገው ቋሚው ማዕበል ነው፡፡

የባህር ማዕበልና የወንዝ ማዕበል በመልክ እንጂ በግብር አይገናኙም፡፡ ባህር ላይ የሚጓዘው ማዕበሉ ነው፤ ውሃው ራሱ ከሞላ ጎደል ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል፡፡ ወንዝ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ማዕበሉ ቆሞ ውሃው ይሄዳል፡፡ ወንዙ ከአንድ ዝቅታ ሲወርድ ይፈጥናል፣ ይሳሳል፡፡ ከታች ካለው ጥልቅና ዘገምተኛ ውሃ ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ በድንገት ይሰበርና ውሃው ሽቅብ ይቆለላል፡፡ መሐንዲሶቹ «ሃይድሮሊክ ጃምፕ» ይሉታል፡፡ ጋላቢው በማዕበሉ ፊት ቁልቁል ሲንሸራተት ወንዙ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ባለበት ይቆማል፡፡ እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ተአምር ነው፡፡ ባህር ላይ አንድ ማዕበል የሚጋለበው ለሰከንዶች ነው፤ ወንዝ ላይ ግን ጉልበት እስኪዝል መቆየት ይቻላል፡፡

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው፡፡ ባህር ላይ የወደቀ ሰው በአንዱ ማዕበልና በሚቀጥለው መካከል ትንፋሽ የሚስብበት ጊዜ ያገኛል፡፡ ወንዝ ፋታ አያውቅም፡፡ የያዘውን ነገር አንዴ ገፍቶ አይተወውም፤ እስኪለቀው ድረስ ይገፋል፡፡ ጉልበቱን በቁጥር ለማየት፤ አሜሪካኖች የወንዝን ፍሰት በሰከንድ በኪዩቢክ ጫማ ይለካሉ፡፡ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ውሃ 28 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፡፡ ስለዚህ «ዛሬ ወንዙ 500 ነው» ሲባል በእያንዳንዷ ሰከንድ 14 ቶን ውሃ ያልፋል ማለት ነው፡፡ ይህ ብዙም ትልቅ የማይባል ወንዝ ነው፡፡ በዚያ ላይ የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ተይዞ የቆመን አካል የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፡፡ ጂም መግባት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፡፡

የሙኒኩ ድልድይ

ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ፣ እንግሊዝ ገነት በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሐውስ ዴር ኩንስት ከሚባለው ሙዚየም አጠገብ አንድ ድልድይ አለ፡፡ ሙኒክ የኖሩ ወይም ያለፉ ብዙ ሐበሾች ያውቁታል፡፡ ከድልድዩ ሥር የሚወጣው አይስባኽ የሚባለው ሰው ሠራሽ የኢዛር ወንዝ ቅርንጫፍ ነው፡፡ እዚያ ላይ የሚፈጠረው ማዕበል አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰዎች ሲጋልቡት ኖረዋል፡፡ ለረጅም ጊዜ በደንብ የተከለከለ፣ በተግባር ግን የተፈቀደ ነገር ነበር (ይህን ዓይነቱን አሠራር እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለን ነበር)፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው በሕግ የተፈቀደው፡፡

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ አንዲት የ33 ዓመት ሴት እዚያ ማዕበል ላይ ወደቀች፡፡ ልምድ ያላት ነበረች፡፡ ሰሌዳዋን ከእግሯ ጋር ያያያዘው ገመድ ከታች ወለሉ ላይ አንድ ነገር ያዘው፡፡ ውሃው ወደ ታች ይገፋታል፤ ገመዱ ወደ ኋላ ይይዛታል፡፡ አብረዋት የነበሩ ሰዎች ሊያስለቅቋት ሞክረው አልቻሉም፡፡ በመጨረሻ ያወጧት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፡፡ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች፡፡

ከተማው ማዕበሉን ዘጋ፡፡ ቦዩን አጉድለው ወለሉን ፈተሹ፡፡ ገመዱን የያዘው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ምርመራው ተዘጋ፡፡ በሰኔ 2025 መጨረሻ ማዕበሉ እንደገና ሲከፈት አዲስ ደንብ ይዞ ነበር፡፡ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መጋለብ ክልክል ሆነ፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ተከለከሉ፤ ሊሽ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጫና ሲበዛበት ራሱን የሚለቅ ሊሽ እንዲጠቀም ታዘዘ፡፡

ይህንን ደንብ ወደነዋል፡፡ ለምን ቢባል፣ ከሁለቱ ቀላል መንገዶች አንዱንም አልመረጠም፡፡ አንደኛው ቀላል መንገድ ለዘላለም መዝጋት ነበር፡፡ ሁለተኛው ቀላል መንገድ «በራስ ኃላፊነት» የሚል ሰሌዳ ለጥፎ ዞር ማለት ነበር፡፡ ደንቡ የሞቱን መንገድ ተከትሎ ሄደ፤ ሌሊት ነበር፣ ሌሊቱን ከለከለ፤ ገመድ ነበር፣ ገመዱን ለወጠ፡፡ ሕግ አውጪ እንዲህ ዝቅ ብሎ፣ ወለሉ ድረስ ወርዶ ሲያስብ ማየት ብርቅ ነው፡፡

(የዚያ ማዕበል ታሪክ በዚህ አላበቃም፡፡ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በየዓመቱ እንደሚደረገው ቦዩ ተዘግቶ ተጠረገ፤ ውሃው ሲመለስ ማዕበሉ አብሮ አልተመለሰም፡፡ ከወለሉ ላይ የተነሳው ጠጠርና ደለል ይሁን ሌላ፣ ባለሙያዎችም ተከራከሩበት፡፡ ሰዎች ተደብቀው እንጨት እያስገቡ ማዕበሉን ሊመልሱ ሞከሩ፤ ባለሥልጣናቱ እንጨቱን አነሱት፡፡ ወንዝ ላይ ጥቂት ጠጠር ሲቀየር ሁሉ ነገር እንደሚቀየር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም፡፡)

አንዳንድ አንባቢ «እሷ እኮ በተራ ሰርፍ ሰሌዳ ነው፣ ሳፕ አልነበረም» ይለን ይሆናል፡፡ ልክ ነው፡፡ አይስባኽ ለሳፕ ጠባብ ነው፤ ሳፕ ሰፋ ያለ ማዕበል ይወዳል፤ ሞንትሪያል ውስጥ ሀቢታት 67 ከሚባለው ዝነኛ ሕንፃ ፊት ለፊት ቅዱስ ሎረንስ ወንዝ ላይ እንዳለው፣ ወይም ኮሎራዶ ውስጥ ግሌንዉድ ስፕሪንግስ እንዳለው፡፡ ነገር ግን የሳፕ ሰሌዳ ከተራው ይበልጥ ትልቅ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ሰፊ ገጽ አለው፡፡ ገመዱን ጠምዶ የሚጎትተው ኃይልም በዚያው ልክ ይበልጣል፡፡ በዚያ ላይ እጅ ላይ መቅዘፊያ አለ፡፡ ስለዚህ ለሳፕ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም፡፡

ያው ገመድ፣ ሁለት ባሕርይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ቀስ ብለን እንየው፤ የሚገድለው ይኸው ስህተት ነው፡፡

ባህርና ሐይቅ ላይ ሊሽ ሕይወት ያድናል፡፡ ሰሌዳው ራሱ ተንሳፋፊ ነው፤ የወደቀ ሰው እርሱን ይዞ ይተርፋል፡፡ ገመድ ከሌለ ግን ነፋስ ባዶውን ሰሌዳ ዋናተኛ ከሚደርስበት በላይ ፈጥኖ ይወስደዋል፡፡ ስለዚህ ሐይቅ ላይ የሚያስተምሩ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርታቸው «ሊሽህን እሰር» የሚል ነው፡፡ ትክክል ናቸው፡፡

ያ በሐይቅ የተማረ ሰው በሁለተኛው ዓመት ወንዝ ይሄዳል፡፡ ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ሊሹን ያስራል፡፡ ማዕበሉ ላይ ይወድቃል፡፡ ሰሌዳው በአንድ ድንጋይ ወይም በተተከለ ብረት በስተቀኝ ያልፋል፤ ሰውየው በስተግራ፡፡ ገመዱ መሀል ላይ ይወጠራል፡፡ ሁለት ቀንበር እንደተጠመደበት በሬ ውሃው ሁለቱንም ወደ ታች ይጎትታል፤ እግሩ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ተወጥሮ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታችኛው ተዘርግቶ ይቀራል፡፡ ገመዱ የሚፈታው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፡፡ እዚያ ለመድረስ ወገቡን አጥፎ፣ 14 ቶኑን በደረቱ ገፍቶ፣ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፡፡ አልጋ ላይ ተኝታችሁ፣ አንድ ሰው ደረታችሁን እየተጫነ፣ ካልሲያችሁን ለማውለቅ ብትሞክሩ የነገሩ አንድ አሥረኛ ይገባችኋል፡፡ ያውም አልጋው ላይ አየር አለ፡፡

መፍትሔው ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም፡፡ ገመዱ ወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ላይ ይያዛል፤ ቀበቶው ከፊት ለፊት ኳስ ወይም እጀታ ያለው መፍቻ አለው፤ ሲጎተት ቀበቶው በሙሉ ይፈታል፤ ሰውና ሰሌዳ ይለያያሉ፡፡ ባለሙያዎች ደግሞ ላይፍ ጃኬታቸው ላይ ከተሰፋው የነፍስ አድን ቀበቶ ጋር ያያይዙታል፡፡ ሌላው አማራጭ ጭራሽ ሊሽ አለማሰር ነው፤ ቋሚ ማዕበል ላይ የሚጫወቱ ብዙዎች ይህንኑ ይመርጣሉ፤ ከታች ረጋ ያለ ውሃ ካለና ሰሌዳውን የሚይዝ ጓደኛ ከቆመ ነገሩ ያስኬዳል፡፡

ሊነሱብን የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፡፡ የመጀመሪያው፣ ገመድ የሌለው ሰሌዳ ወንዙን ይዞ ወርዶ ከታች የሚዋኙ ልጆችን ይመታል የሚለው ነው፡፡ ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ ለዚህም ነው የወገቡን ቀበቶ ከባዶ እግር የምናስቀድመው፡፡ ሁለተኛው፣ ቀበቶውም አልፈታም ሊል ይችላል የሚለው ነው፡፡ ይችላል፡፡ ዞሮ ጀርባ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ ጃኬቱ ሊሸፍነው ይችላል፤ ትርፍ ጫፉን ቋጥሮ «እንዳይፈታ» ያጠበቀውም አለ (እንዲፈታ የተሠራን ነገር እንዳይፈታ መቋጠር!)፡፡ ይሁንና ሊከሽፍ በሚችል መፍቻና መድረስ በማይቻልበት መፍቻ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፡፡ ሦስተኛው «ስንት ሰው ሞተና ነው?» የሚለው ነው፡፡ ለዚህኛው መልስ ለመስጠት አንቸኩልም፤ ጥያቄው ራሱ ቀጥሎ ለምንተርከው ሰው ቢቀርብ ምን ይል እንደነበር ማሰብ ይበቃል፡፡

ዌልስ፣ ጥቅምት 2021

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2021 በዌልስ፣ ሃቨርፎርድዌስት በምትባል ከተማ፣ 9 ሰዎች በሳፕ ሰሌዳ ወንዝ ወረዱ፡፡ ሽርሽር ነበር፡፡ ከፍለው የመጡ ነበሩ፡፡ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል፡፡ ከተማው መሀል ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አነስተኛ ግድብ አለ፤ ተሳታፊዎቹ ግን ስለ ግድቡ በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር፡፡ መሪዋ በግድቡ መካከል ባለው ተዳፋት በሰላም አለፈች፤ ከኋላዋ የመጡት ግን በግድቡ ላይ ወደቁ፡፡ አራት ሰዎች ሞቱ፡፡ ከአራቱ አንዱ ረዳት አስተማሪው ነበር፤ ከውሃው ወጥቶ ዳር ደርሶ ነበር፤ ሌሎቹን ለማዳን ተመልሶ ገብቶ ነው የቀረው፡፡ የጉዞው አዘጋጅ በሚያዝያ 2025 በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል 10 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደባት፡፡

እነዚህ ሰዎች ማዕበል ሊጋልቡ አልሄዱም፡፡ የምናነሳው ግድቡና ማዕበሉ የሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው፡፡ ሁለቱም የሚፈጠሩት ውሃ ከዝቅታ ሲወርድ ነው፡፡ ልዩነቱ፣ ግድቡ ሥር ውሃው ተገልብጦ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ታች ያልፋል ያልነው ነገር ሁሉ እዚያው ይሽከረከራል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ መውጫ በር የለውም፡፡ ነፍስ አድን ሠራተኞች «የመስጠሚያ ማሽን» የሚሉት ወደው አይደለም፡፡ ከላይ ሲታይ ደግሞ ጸጥ ያለ አንድ መስመር ነው፡፡

ስለዚህ ማዕበል የሚጋልብ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከላይ ቆሞ ማንበብ ነው፡፡ የወንዝ ሰዎች የውሃውን መልክ በፊት ይመስሉታል፡፡ ከላይ ወደ ታች ስታዩት ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታችኛው አቅጣጫ የታጠፉ ከሆነ «ፈገግ» ብሏል፤ የወደቀውን ሰው ወደ ዳር ይተፋዋል፡፡ ጫፎቹ ወደ እናንተ፣ ወደ ላይኛው አቅጣጫ የታጠፉ ከሆነ ግን «አኩርፏል»፤ የወደቀውን ሁሉ ወደ መሀሉ ይሰበስበዋል፡፡ ያኮረፈ ውሃ አይለመንም፤ ትታችሁት ሂዱ፡፡ ቀጥሎ የሚታየው ማዕበሉ ሳይሆን ከማዕበሉ በታች ያለው መቶ ሜትር ነው፡፡ የወደቀ ዛፍ አለ? ዛፍ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል፤ ወንፊት ማለት ነው፡፡ የድልድይ ምሰሶ አለ? ሌላ ግድብ አለ? ማዕበሉ የቱንም ያህል ቢያምር ከታቹ ዛፍ ካለ ያ ማዕበል የለም ብላችሁ ቁጠሩት፡፡

የወደቃችሁ እንደሆነ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ተዘርግታችሁ፣ ጠፍጣፋ ሆናችሁ ውደቁ፤ በጭንቅላት መጥለቅ የለም፤ መቅዘፊያውን ከፊታችሁ አርቁ፡፡ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት አያከራክሩም፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነና የሚፈስ ከሆነ ለመቆም አትሞክሩ፡፡ ይህ ለኛ ሰው በጣም የሚከብድ ነው፤ መሬት እግሩን ሲነካው መቆም የማይፈልግ ማን አለ? እግር ግን በሁለት ድንጋይ መካከል ይገባል፤ ውሃው ከጀርባ ይገፋል፤ የቆመው ሰው ይታጠፋል፤ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ሰው ይሰጥማል፡፡ በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደ ታችኛው አቅጣጫ ከውሃው ገጽ ላይ አንስቶ መንሳፈፍ፤ ረጋ ያለው የዳር ውሃ ሲቃረብ በደረት ተገልብጦ በሙሉ ጉልበት ወደዚያ መዋኘት፤ ሆድ መሬት ሲነካ ብቻ መቆም፡፡

ስለኛ ሰፈር

ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው የሚል ካለ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችንን እናስብ፡፡ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ያልፋል፡፡ ከዴንቨር ደቡብ ኢንግልዉድና ሸሪዳን የሚባሉት ከተሞች አጠገብ ሪቨር ረን ፓርክ ውስጥ ለዚሁ ጨዋታ ተብለው የተሠሩ ማዕበሎች አሉ፡፡ መሀል ከተማ ኮንፍሉዌንስ ፓርክ ደግሞ ሙቀት በጨመረ ቁጥር በሰው ይሞላል፤ ሐበሻውም አይቀርም፡፡ (የውሃው ንጽሕና ሌላ ጉዳይ ነው፤ በኢ ኮላይ ባክቴሪያ የታወቀ ወንዝ ስለሆነ አፍ ዘግቶ መውደቅ ይመከራል፡፡)

ይህ ወንዝ ከላይ ቻትፊልድ በሚባለው ግድብ የታሰረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ከደረሰው ከባድ ጎርፍ በኋላ የተሠራ ግድብ ነው፡፡ ስለዚህ ፍሰቱ በሰማዩ ብቻ አይወሰንም፡፡ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ወጥታ፣ ግድቡ ሲለቀቅ ወይም ከተራራው ላይ በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ከትናንቱ ሌላ ወንዝ ሆኖ ሊያድር ይችላል፡፡ ትናንት ፈገግ ብሎ የነበረው ማዕበል ዛሬ ያኮርፋል፡፡ የየቀኑን ፍሰት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነፃ ያወጣዋል፤ ስልክ ላይ ይታያል፡፡ ከቤት ሳይወጡ በፊት ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፡፡

የኛ ሰው ግን ከውሃ ጋር ያለው ታሪክ አጭር ነው፡፡ አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን፤ ወንዝ ማለት በክረምት የሚሻገሩት መከራ፣ በበጋ ደግሞ ልብስ የሚታጠብበት ጅረት ነበር፡፡ ዋና የተማረው ጥቂት ነው፡፡ ያልተማረው ደግሞ «አልችልም» ማለት ያፍራል፤ ሴት ልጅ ካለችበት፣ ካሜራ ከተደቀነ፣ ጭራሽ፡፡ «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ጓደኛም አይጠፋም፡፡ እኛ ይህንን ጓደኛ በጣም እንፈራዋለን፤ ከማዕበሉ በላይ፡፡ ለጀማሪ ዋናተኛ የሳፕ ሰሌዳ አሳሳች ነገር ነው፤ በተከራዩት ቀን ሐይቅ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆሙ ባለሙያ የሆኑ ያህል ይሰማል፡፡ ቋሚ ማዕበል ግን ዋና፣ ሐይቅ፣ ዘገምተኛ ወንዝ ተብሎ የሚደረስበት አራተኛ ክፍል ነው፡፡ ከኬጂ ዘሎ አራተኛ የሚገባ የለም፡፡

ሰው ብቻውን አይሂድ የሚለውንም እንጨምር፤ ሆኖም አብሮ መሄድ ማለት አብሮ መግባት ማለት አይደለም፡፡ የዌልሱን ሰው እናስታውስ፤ ጀግና ነበር፤ ጀግንነቱ ግን ማንንም ለማትረፍ አልበቃም፡፡ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከማዕበሉ በታች ዳር ላይ የመወርወሪያ ገመድ በከረጢት ይዞ ይቁም፡፡ ተራ ይያዛል፡፡ ገመዱን መወርወር ቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል፤ በድንጋጤ ውስጥ የሚማሩት ነገር አይደለም፡፡

ወደ ገመዳችን እንመለስ፡፡ በየትልልቁ መደብር የሚሸጠው በአየር የሚሞላ ሳፕ በከረጢት ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ውስጡ ፓምፕ፣ መቅዘፊያ፣ ክንፍ፣ እና ሊሽ አለ፡፡ ሊሹ የቁርጭምጭሚት ነው፡፡ ላይፍ ጃኬት ብዙውን ጊዜ የለበትም፤ ምንም እንኳን የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሳፕን ከዋናና ከሰርፍ ክልል ውጭ እንደ ጀልባ ቆጥሮ ላይፍ ጃኬት እንዲያዝበት ያዘዘ ቢሆንም፡፡ እስቲ አስቡት፤ ሕግ የሚያዘው ነገር ከረጢቱ ውስጥ የለም፤ ወንዝ ላይ ሊገድል የሚችለው ነገር ግን በነፃ አለ፡፡ ገዢው ደግሞ «ከዕቃው ጋር ከመጣ ቢያስፈልግ ነው» ይላል፤ ምን ያድርግ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፡፡ እያንዳንዱ የቁርጭምጭሚት ሊሽ ራሱ ላይ፣ መመሪያው ደብተር 17ኛ ገጽ ላይ ሳይሆን የሚታሰረው ጨርቅ ላይ፣ «በሚፈስ ውሃ ላይ አይታሰር» ተብሎ ይታተም፡፡ የወገቡ ቀበቶ በትርፍ ዋጋ የሚሸጥ ቅንጦት መሆኑ ይቅር፤ ከከረጢቱ ውስጥ ይግባ፡፡ የሚያከራዩት ሰዎች «የት ልትሄዱ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ወንዝ ከሆነ ገመዱን ይቀይሩ፤ የሚቀይሩት ከሌላቸው ሰሌዳውን አያከራዩ፡፡ ማዕበል ያለባቸው ከተሞችም የሙኒክን ደንብ ለመቅዳት አንድ ሰው እስኪሞትባቸው አይጠብቁ፡፡ ኦሪገን ውስጥ ቤንድ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 አደገኛ የነበረ አሮጌ ግድብን አስተካክላ ወንዙን በሦስት መስመር ከፈለችው፤ አንዱ ለአእዋፍና ለእንስሳት፣ አንዱ በጎማ ለሚንሳፈፍ ሰው፣ አንዱ ለማዕበል፡፡ ወንዝን እንዲህ አስቦ መሥራት ከተቻለ የአንዲት ገመድ ነገር አያቅትም፡፡

የሐበሻ ማኅበራት ደግሞ የበጋ ሽርሽራቸውን ሲያዘጋጁ የሥጋውንና የዳቦውን ያህል ለዚህ ያስቡ፡፡ የዋና አስተማሪ የሆኑ ልጆች አሉን፤ ይጠየቁ፡፡

ቀበቶውን የገዛችሁ ደግሞ ወንዝ ከመውረዳችሁ በፊት ዋና ገንዳ ሂዱ፡፡ ጃኬታችሁን፣ ሄልሜታችሁን፣ ቀበቶውን፣ ሁሉን እንደምትለብሱት ልበሱ፡፡ ጓደኛችሁ ገመዱን ከኋላ ይጎትት፤ በደንብ ይጎትት፡፡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መፍቻዋን ፈልጉና ሳቡ፡፡ አሥር ጊዜ በቀኝ እጅ፡፡ ከዚያ መቅዘፊያውን በቀኝ ይዛችሁ አሥር ጊዜ በግራ፡፡